የንጉሡ አንጎልና የመንግሥቱ ዕጣ፤ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል የሚያልፈው አሮጌው የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ መሠረት ነው። ባቡሩ ያንን ሜዳ አቋርጦ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነበርና ፈቃድ ሰጪው ንጉሥ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ከዕረፍታቸውም በፊት ቢሆን፣ ሕመም ከሥራቸው ካገለላቸው ዓመታት ተቈጥረው ነበር። የዚያ ሕመም ታሪክ ለሙያችን ብዙ ያስተምራል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን የሸዋን ዙፋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተባሉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ገና በሌሊት ተነሥተው የሚሠሩ፣ አቤቱታ ራሳቸው የሚሰሙ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አሠራሩን ሳይመረምሩ የማያልፉ ሰው ነበሩ። ቴሌፎኑም፣ ፖስታውም፣ ትምህርት ቤቱም የተተከለው በዚህ ጠባያቸው ኃይል ነው።

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዐረፉ። በዚያው ዓመት ንጉሡን የመጀመሪያው የአንጎል ደም ሥር ሕመም፣ ዛሬ በተለምዶ ስትሮክ የምንለው፣ መታቸው። ኀዘኑ ጥልቅ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ የሕመሙ መንገድ ግን በደም ሥር በኩል ያልፋል። ለአንድ የአንጎል ክፍል ደም ሲቋረጥበት ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ፤ ያ ክፍል ይመራው የነበረውም ሥራ ይደክማል ወይም ይጠፋል።

ንጉሡ ግን ጊዜ እንዳጠራቸው ያወቁ ይመስል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ራስ ቢትወደድ ተሰማን በሞግዚትነት አቆሙ። ለጤናቸውም ጸበል ተጠመቁ፤ ሐኪሞችም ጐበኟቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ከጓድሎፕ የመጣው ዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን ይገኙ ነበር። በከተማው ግን መርዝ ተሰጣቸው የሚል ወሬ ተናፈሰ።

በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሁሉ የከፋው ሕመም መጣባቸው፤ አካላቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግር ሥራ በግራው የአንጎል ገጽ ላይ ነው፤ ያ ስፍራ ሲጐዳ ቃል ይጠፋል፤ ማስተዋል ግን በከፊል ሊቀር ይችላል። ስለዚህም ዝም ያለ ሕመምተኛ ሁሉ ምንም አይረዳም ማለት አይቻልም። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጐዳ ደግሞ ጠባይ ይለወጣል፤ ትጉሁ ሰነፍ፣ ታጋሹ ቍጡ ሊመስል ይችላል። በዚህ ሕመም ከተያዙ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በድባቴ እንደሚጠቃም ዛሬ ይታወቃል።

ንጉሡ ዝም ሲሉ ሌሎች በእርሳቸው ስም ይናገሩ ጀመር። እቴጌ ጣይቱ ለጥቂት ጊዜ ሥልጣኑን ጨበጡ፤ በ1902 ዓ.ም. መጋቢት ወር መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ራስ ቢትወደድ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ዐረፉና ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀሩ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ።

አንድ ሰው መንግሥቱን ሁሉ በአእምሮው ተሸክሞ ሲኖር፣ የአንዲት ቀጭን ደም ሥር መዘጋት አገር ያናጋል። መርዝ የፈለገው ሰው ጥፋተኛ ይፈልግ ነበር፤ ሕመሙ ግን ጥፋተኛ አልነበረውም። ዛሬም በየቤቱ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ አባት ወይም ቃል የጠፋት እናት ሲያጋጥሙ፣ ቤተሰቡ መተት ወይም ክፉ ዐይን ሊል ይችላል። ባለሙያው ቤተሰቡን ሳይነቅፍ የደም ግፊቱን ይለካል፤ ሕመምተኛው ይሰማል ብሎም ያነጋግረዋል።