በደጃፍ ላይ የተጻፈ ስም

አንባቢ ሆይ፤ በጅማ ወይም በአጋሮ፥ በሊሙ ወይም በጌራ የምትኖር ብትሆን፥ የቡና ለቀማ ወራት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ክረምቱ አልፎ እሸቱ ሲቀላ ወንዱም ሴቱም ቅርጫቱን ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ይውላል፤ ወደ ማታም የለቀመውን አስመዝኖ ገንዘቡን ይቀበላል። ከሚዛኑ እስከ ቤቱ ድረስ ያለው መንገድ ግን ባዶ አይደለም፤ ጠጅ ቤቱ፥ አረቄ ቤቱ፥ ቢራ የሚሸጥበትም ቤት ተደርድሮበታል። ስንት ሰው የቀኑን ድካም በዚያ አፍስሶ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ እንደሚገባ አንተው በዓይንህ አይተሃል።

ስለ ሰካራሙ ብዙ ተጽፏል፥ ብዙም ተሰብኳል። ይህች ትንሽ ጽሑፍ ግን ስለ ሰካራሙ አይደለችም። ራሱ ሰካራም ሳይሆን ከሰካራሞች ገንዘብ ይኖር ስለ ነበረ፥ ይህንም ባወቀ ጊዜ ስላደረገው ነገር ስለ አንድ ሰው ናት። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙም ፍሬድሪክ ኒኮላስ ቻሪንግተን ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመህ ዕወቅ።

ታሪኩ እንዲገባህ በመጀመሪያ በዚያ አገር የቢራና የመሸታ ቤት ነገር እንዴት እንደ ነበረ ልንገርህ። በጥንት ዘመን በእንግሊዝ አገር ቢራ እንደ እኛ ጠላ በየቤቱ፥ ይልቁንም በሴቶች እጅ ይጠመቅ ነበረ። ብቅሉ ከገብስ ይወጣል፤ በኋላ ዘመንም በእኛ ጌሾ ፈንታ ሆፕ የሚባል የሐረግ አበባ ይጨመርበት ጀመር። በእኛ አገር ጠላ የምትሸጥ ሴት በደጃፍዋ በእንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ እንደምታቆም፥ በእንግሊዝም መጠጥ የሚሸጥ ሁሉ በበሩ ላይ ምልክት እንዲሰቅል ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ በ1393 ዓ.ም. አዘዘ። ሕዝቡ ማንበብ አያውቅም ነበርና ቀይ አንበሳ ወይም የምትወጣ ፀሐይ ተሥሎ ሲያይ ቤቱን ያውቀው ነበረ።

በ18ኛው መቶ ዘመን ግን የሴቶቹ ጋን ቀርቶ ታላላቅ የመጥመቂያ ቤቶች ተነሡ። ሳሙኤል ዊትብሬድ የተባለው ሰው ንግዱን በ1742 ዓ.ም. በሎንዶን ጀመረ፤ እንደ እርሱም ያሉ ብዙ ነጋዴዎች ከቢራ የተነሣ ከመኳንንት የማያንስ ሀብት አገኙ። ቀጥሎም በ1830 ዓ.ም. መንግሥት ግብር የሚከፍል ሰው ሁሉ ጥቂት የፈቃድ ገንዘብ ከፍሎ በቤቱ ቢራ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በዚህም ምክንያት መሸታ ቤት በየመንገዱ በዛ። ታላላቆቹ ጠማቂዎች መሸታ ቤቶቹን እየገዙ ያከራዩ ነበረ። ተከራዩም ከባለቤቱ ቢራ በቀር የሌላውን እንዳይሸጥ በውል ይታሰር ነበረ። እንግዲህ ከበርሜሉ አጠገብ የሚቆመው ሻጭ እንደ ጭሰኛ ነበረ፤ ጌታው ግን በሩቅ በመልካም ቤት ተቀምጦ ትርፉን ይቀበላል። ስሙ ብቻ በወርቅ ቀለም ተጽፎ በደጃፉ ላይ ይታያል።

ፍሬድሪክ ቻሪንግተን እንዲህ ካለ ቤት በ1850 ዓ.ም. ተወለደ። ቤተ ሰቡ በሎንዶን ምሥራቅ፥ በማይል ኤንድ መንገድ፥ መልሕቅ የሚባል የቢራ መጥመቂያ ነበራቸው፤ ይህም በከተማው ካሉት ታላላቆች አንዱ ነበረ። ልጁም በመልካም ትምህርት ቤት ተማረ፤ እንደ ባለጠጎች ልጆችም ሌላውን የአውሮፓ አገር ዞሮ አየ። አባቱ የንግዱ ተካፋይ ነበረና ፍሬድሪክም በጊዜው በዚያ ወንበር እንደሚቀመጥ የሚጠራጠር አልነበረም። ክፉ ልጅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ስሙም ክርስቲያን ነው። ነገር ግን ሀብቱ ከወዴት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም ነበረ።

በወጣትነቱ ከጓደኞቹ አንዱ የዮሐንስን ወንጌል 3ኛ ምዕራፍ ብቻውን ሆኖ እንዲያነብ ለመነው። ኒቆዲሞስ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣበትን ያን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሰምቶት ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ግን ለእርሱ እንደ ተጻፈ ሆኖ አነበበው። ከዚያም በኋላ በሎንዶን ምሥራቅ ለሚኖሩ ለድኆች ልጆች በሌሊት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ቀን በአባቱ ንግድ ቤት ይውላል፥ ማታ ድኆችን ያስተምራል። ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ ገና አላየም ነበረ።

ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሲሆን አንድ ማታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ዳር ካለ መሸታ ቤት ፊት ደረሰ። ልብሷ የተቀደደ አንዲት ሴት ልጆችዋን ይዛ በበሩ ቆማ ባልዋን ትጠራዋለች፤ ለልጆቹ እንጀራ መግዣ ትለምነዋለች። ሰውየውም ሰክሮ ወጣ፤ መልስም ሳይሰጣት መትቶ ከጭቃው ውስጥ ጣላት። ቻሪንግተን ሊያነሣት ሮጠ። ቀና ብሎም በመሸታው ቤት ላይ ወዳለው ጽሕፈት ተመለከተ፤ በታላላቅ የወርቅ ፊደል የተጻፈው የገዛ ስሙ ነበረ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቈይተህ አስብ። ያን ሰው ያሰከረው ቻሪንግተን አልነበረም፤ በእጁም አልቀዳለትም፤ መልኩንም አያውቀውም። በሕግም በኩል ቢሆን የሚከሰው ዳኛ አይገኝም። ሁሉም በሥርዓት የተፈቀደ ንግድ ነበረ። እርሱ ግን የሴቲቱ እንጀራ ወደ ማን ሣጥን እንደ ገባ በዚያች ሰዓት አየ። ይህ መሸታ ቤት ቤተ ሰቡ ካሏቸው ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ መሆኑንም አስታወሰ። ሰውየው ሚስቱን በአንድ ምት ሲጥላት እርሱንም አብሮ ከንግዱ እንዳወጣው ይቈጥረው ነበረ።

ከዚህም በኋላ ወደ አባቱ ሄዶ ከቢራው ንግድ ምንም ድርሻ እንደማይፈልግ ነገረው። የተወው ርስት ከ1,000,000 ፓውንድ በላይ እንደ ነበረ ይነገራል፤ በዚያ ዘመን ይህ ሊቈጠር የሚያስቸግር ሀብት ነው። ዔሳው ራሱ ሊበላ ብኵርናውን እንደ ሸጠ ታስታውሳለህ፤ ይህ ሰው ግን ሌሎች እንዲበሉ ርስቱን ተወ። ለአንድ አባት እንዲህ ያለ ነገር ከልጁ መስማት ቀላል እንዳልነበረ የምታውቀው ነው። አባትና እናትን ማክበር ትእዛዝ ነውና ለልጁም ቀላል አልነበረም። አባቱን ሳይሰድብ፥ ገንዘቡን ብቻ ተወ።

ብዙ ሰው ክፉውን መተው የሥራው ፍጻሜ ይመስለዋል፤ ለቻሪንግተን ግን መጀመሪያው ነበረ። የአባቱ መሸታ ቤቶች ባሉበት በዚያው ሰፈር ተቀምጦ ዕድሜውን ሁሉ ለድኆች ሰጠ። በ1886 ዓ.ም. በማይል ኤንድ መንገድ ከ4,000 በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከፈተ፤ በዚያም ወንጌል ይሰበክ ነበረ፤ የተራበም ይመገብ ነበረ። ዘፈንና መጠጥ ባለበት አዳራሽ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ይመክር ስለ ነበረ ተሰደበ፥ ተገፋ፥ በፍርድ ቤትም ተከሰሰ። የሎንዶን የአውራጃ ምክር ቤት በ1889 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአባላቱ አንዱ ሆኖ ተመረጠ።

በዚያው ሰፈር ይሠራ የነበረ ቶማስ ባርናርዶ የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ በ1872 ዓ.ም. አንድ የታወቀ መሸታ ቤት ገዝቶ ቡና የሚጠጣበት ቤት አደረገው። ድካሙን ሊያሳርፍ፥ ከወዳጁ ጋር ሊጫወት፥ በብርድ ሊሞቅ የሚወድ ሠራተኛ ሌላ ቦታ ስለሌለው ወደ መጠጥ እንዲገባ ባርናርዶ ተረድቶ ነበረ። ስለዚህ ብርሃኑንና ወንበሩን ትቶ መጠጡን ብቻ ለወጠ። እንዲህ ያሉት ቤቶች በኋላ በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ተከፈቱ። መነሻው ከእኛ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የሆነው ቡና በሩቅ አገር የሰካራሞች መድኃኒት ሆኖ ተፈለገ ማለት ነው።

የቻሪንግተን ሥራ ሁሉ ግን ተሳካ ብዬ ልነግርህ አልችልም፤ የሰው ታሪክ በእውነት ሊነገር ይገባዋልና። በ1903 ዓ.ም. በኤሴክስ አጠገብ ኦሲ የምትባል ትንሽ ደሴት ገዝቶ ከመጠጥ ለመዳን የሚወድዱ ሰዎች በዚያ እንዲቀመጡ አደረገ። አረቄ እንዳይገባ ቢከለክልም ጀልበኞች በስውር እያመጡ ይሸጡ እንደ ነበረ ይወራል፤ ባሕር እንኳ ሰውን ከምኞቱ አይለየውም። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ፥ ጦርነቱ ሳለ፥ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ውስጥ መጠጥ ስለሚሸጥ ተቈጥቶ ወደ ጉባኤው ገባና የምክር ቤቱን የክብር በትር አነሣ፤ ወዲያውም አስወጡት። በዚህ ብዙ ሰው ሳቀበት። ቅናቱ ከልክ ያለፈበት ጊዜ እንደ ነበረ ወዳጆቹም ሊክዱ አይችሉም።

ቻሪንግተን የኢጣልያ ጦር በአገራችን ላይ ዘምቶ በነበረበት ወራት፥ በጥር 1936 ዓ.ም. ዐረፈ። አዳራሹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈረሰ፤ የጀመረው የሚሲዮን ሥራ ግን ከእርሱ በኋላ ቀጠለ። የቤተ ሰቡ መጥመቂያ እርሱ ስለ ተወው አልተዘጋም፤ በማይል ኤንድ መንገድ እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ ቢራ ይጠመቅበት ነበረ። እንግዲህ መተዉ ምን ጠቀመ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አንድ ሰው እጁን ቢያነጻ የዓለም ክፋት አያልቅም፤ ነገር ግን በጭቃ የወደቀችውን ሴት በአንድ እጁ እያነሣ በሌላው እጁ እንጀራዋን ከመቀበል ዳነ። ክርስቲያን የሚጠየቀው በመጀመሪያ ይህን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ በ1922 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ከጅማ በአጋሮ በኩል የሚሄደው መንገድ በሚደርስባት በበደሌም በ1993 ዓ.ም. ሌላ ፋብሪካ ተሠራ። ጠጅና ጠላ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የነበሩ ናቸው። የአገራችን ክርስቲያኖች ቡናን እንደ ነውር ቈጥረው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ይርቁት ነበረ፤ ጠላውን ግን አልራቁትም። ዛሬም አንድ ነገር ተመልከት። እንግሊዞቹ መሸታ ቤቱን ቡና ቤት አደረጉት፤ እኛ ግን ስሙን ቡና ቤት ብለን ቢራና አረቄ እንሸጥበታለን። በቡና አገር ይህ ስም ሊያሳፍረን በተገባ ነበረ። እስላም ጎረቤትህ ሃይማኖቱ ከልክሎት ከዚያ ደጅ ሲርቅ፥ በደጁ ላይ የተጻፈው የክርስቲያን ስም ሆኖ ቢያይ ስለ ጌታህ ምን ያስባል?

ምናልባት እኔ አልሸጥም ትል ይሆናል። ቤትህን ለአረቄ ሻጭ አከራይተህ በወሩ መጨረሻ ኪራይህን ትቀበላለህን? የለቃሚዎችህን ደመወዝ በመሸታ ቤት በር ላይ ትከፍላለህን? በማኅበርና በሠርግ ቀን ሳይሰክር የወጣ እንግዳ እንዳልተከበረ ትቈጥራለህን? እንግዲያስ ስምህ በወርቅ ባይጻፍም በዚያ ደጃፍ ላይ አለ። ተማሪም ብትሆን ነገ በምን እንጀራ እንደምትኖር ዛሬ አስብ፤ ሰው ትርፉን ከቀመሰ በኋላ መተው ይከብደዋልና።

ነገር ግን አንዲት መበለት ጠላ ጠምቃ፥ አረቄ አውጥታ ልጆችዋን የምታስተምር ብትሆን፥ የቻሪንግተንን ታሪክ አንሥተህ አትውቀሳት። እርሱ ሚሊዮን ትቶ የሚበላው አላጣም፤ እርስዋ ጋንዋን ብትሰብር ልጆችዋ በዚያች ሌሊት ይራባሉ። የእርስዋ ነገር የማኅበረ ምእመናን ዕዳ ነው። ቡና አፍልታ፥ ብርዝ በጥብጣ፥ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥበትን መነሻ ገንዘብ የሚሰጣት፥ ከዚያም መጥቶ የሚገዛት ወንድም ያስፈልጋታል። ይህን ሳያደርግ የሚገሥጻት ሰው ሸክም አስሮ በሌላው ትከሻ የሚጭን ነው።

ወዳጄ ሆይ፤ ይህን ካነበብህ በኋላ፥ በለቀማው ወራት አንድ ማታ ከሚዛኑ እስከ ቤትህ ቀስ ብለህ ሂድ። በየደጃፉ የቆመችውን ሴት ተመልከት፤ የያዘቻቸውንም ልጆች ቍጠር። ከዚያም ቀና በልና በበሩ ላይ ያለውን ስም አንብብ። ያንተ ካልሆነ እግዚአብሔርን አመስግን፤ ያንተ ከሆነ ግን ከመንጋቱ በፊት ደምስሰው።