እሳቱን በራሱ ሙቀት የገራው ኮርኔሊስ ድሬበል

በክፍላችን ስለ ቁጥጥር ሥርዓት ሲነሣ ቶሎ የሚጠራው ጄምስ ዋትና የእንፋሎት ሞተሩ ናቸው። እኔ ግን ከዋት በፊት ስለነበረ አንድ ሆላንዳዊ ላውጋችሁ። ወደ እሱ የመራኝ ቤታቸው ውስጥ በጨው ውሃ ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ጭንቀት ነው። ጭንቀታቸው ደግሞ አንድ ነው፦ የውሃው ሙቀት።

ድሬበል በ1572 እ.ኤ.አ. አልክማር ከተማ ተወለደ። ሃርለም ውስጥ ሄንድሪክ ጎልትዚዩስ ከተባለ ስመ ጥር ቀራጭ ዘንድ ሙያ ተማረና የጎልትዚዩስን እህት አገባ። በ1604 ገደማ እንግሊዝ ተሻግሮ በንጉሥ ጄምስ 1ኛ ቤተ መንግሥት ተጠጋ፤ በ1610 ደግሞ ፕራግ ወደ ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሄደ። ሩዶልፍ ሥልጣኑን ሲያጣ የድሬበልም ነገር ተበላሸና ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ቴምዝ ወንዝ ላይ ከውሃ በታች የሚቀዘፍ ጀልባ አስኬደ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚሁ ነው። ለእኔ ግን ከጀልባው ይልቅ ምድጃው ይበልጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል ለማስፈልፈል በእሳት የሚሞቅ ሣጥን ሠራ። ሣጥኑ ውስጥ አልኮል የያዘ የመስታወት ዕቃ አለ፤ ከሱ ጋር ሜርኩሪ ያለበት ቱቦ ተያይዟል። ሲሞቅ አልኮሉ ይሰፋና ሜርኩሪውን ይገፋል፤ ሜርኩሪው ዘንግ ያነሣል፤ ዘንጉም የምድጃውን የአየር ክዳን ይዘጋል። አየር ያጣ እሳት ይደክማል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ መልሶ ይከፈታል። ልብ በሉ፣ እሳቱን የሚገታው የገዛ ሙቀቱ ነው፤ አጠገቡ የሚቆም ሰው አያሻም። እኛ ዛሬ ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው። የካውያ መብራት በራሱ በርቶ የሚጠፋው፣ የዓሣ ገንዳ ማሞቂያም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ኮራል ቀልድ አያውቅም። አብዛኛው የሞቃት ባሕር ኮራል የሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከለመደው የሞቃት ወር ሙቀት አንድ ዲግሪ እንኳ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ሥጋው ውስጥ ሆነው የሚመግቡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል፤ ከቆየበትም ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የማሞቂያው ማብሪያ ተጣብቆ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ግብረ መልሱ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈላል። ለዚህ ነው ብልሆቹ በአንድ ትልቅ ማሞቂያ ፈንታ ሁለት ትንንሾች የሚያስገቡት፤ በላዩም ከማሞቂያው የተለየ ሌላ መቆጣጠሪያ በተከታታይ ያስገባሉ፣ አንዱ ቢጣበቅ ሌላው እንዲያጠፋ። ገንዳው በሞቃት ወር ሲግል በማራገቢያ ውሃውን እያተነኑ ያቀዘቅዙታል፤ በትነት የጎደለውን ግን ጨው በሌለው ውሃ መሙላት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ጨውነቱ ይጨምራል። (ድሬበልም በአንድ የበጋ ቀን የዌስትሚንስተርን አዳራሽ ለንጉሡ አቀዝቅዞ ነበር ይባላል።)

የሰውየው መጨረሻ ግን ያሳዝናል። በ1620ዎቹ መገባደጃ ላ ሮሼልን ለመርዳት ከዘመተው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ፈንጂ እየሠራ ወጣ፤ ዘመቻው ከሸፈ፣ የንጉሡም ሞገስ ቀረ። ከዚያ ለንደን ውስጥ ጠላ ቤት ከፍቶ ይኖር ነበር። በ1633 ድሀ እንደሆነ ሞተ። ስለ ምድጃው የታተመ መጽሐፍ አልተወም፤ አሠራሩን ይዘው የቀጠሉት የሴት ልጆቹ ባሎች፣ ኩፍለር የተባሉት ወንድማማቾች ናቸው።