አሌክሳንደር ግርሃም ቤልና የብረት መፈለጊያው

የአሌክሳንደር ግርሃም ቤልን ስም ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አላስብም። ስልክን የፈጠረ ሰው መሆኑ በየመጽሐፉ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ስለ ስልኩ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው ከስልኩ በኋላ የሠራው፣ ብዙ ሰው የማያነሣለት ሌላ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ተሰውሮ የተቀመጠውን ብረት በድምፅ የሚያመለክት የብረት መፈለጊያ ነው። ወደዚህ ታሪክ የመራኝ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እሱን መናገር ይገባኛል።

ቤታችን በየካ፣ ከተራራው ግርጌ ነው። ከደጃችን ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ የወጣ ሰው የእንጦጦን ሰንሰለት ያገኛል። በዚያ ተራራ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር ከትመውበት እንደ ነበር፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ እንደ ጫኑ ሁላችንም ተምረናል። በየካም በኩል ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ይህን ሁሉ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ የሚረግጠው አፈር ሁሉ አንድ ነገር የደበቀ ይመስለዋል። እኔና ሁለት ጓደኞቼም እንዲሁ መሰለንና፣ ገንዘብ አጠራቅመን ብዙ ሰው ሜታል ዲቴክተር የሚለውን መሣሪያ ለመግዛት ተማከርን። የትኛው ዓይነት ይሻላል በሚለው ግን ሳንስማማ ብዙ ሰንብተናል።

በዚህ መካከል አንድ ዘመድ ያገለገለ መሣሪያ ለአንድ ቅዳሜ አዋሰን። ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ጥቂት እንደ ሄድን መሣሪያው ጮኸ። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ዶማ አንሥቼ መቆፈር ጀመርሁ። የወጣው ነገር ዝገት የበላው የፈረስ ልጓም ነበር። ከልጓሙም ጋር የሸክላ ስባሪ ወጣ፤ ስባሪው ግን አዲስ ነበር፤ የሰበረው የእኔ ዶማ ነው። ድምፁን ሰምተው የመጡ አንድ አዛውንት ልጓሙን በእጃቸው አገላብጠው አዩና፣ ከሸክላው በላይ ነበረ ወይስ በታች፣ ውስጡ ነበረ ወይስ አጠገቡ ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ልጄ፣ ታዲያ ምን አገኘህ ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ያ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ይህ መሣሪያ ከየት መጣ ብዬ ስመረምር የቤልን ታሪክ ያገኘሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው የውጭ አገሩ ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

አሌክሳንደር ግርሃም ቤል መጋቢት 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር አስተማሪ ነበር፤ እናቱ ግን ጆሮዋ በደንብ አይሰማም ነበር። እንግዲህ አንዱ ወላጅ ስለ ድምፅ የሚያስተምር፣ ሌላው ድምፅ የራቀው በሆነበት ቤት ያደገ ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ስለ ድምፅ ቢያስብ አያስደንቅም።

ሁለት ወንድሞች ነበሩት። አንዱ በ1867፣ ሁለተኛው በ1870 በሳምባ ነቀርሳ ሞቱ። ወላጆቹም የቀራቸውን አንድ ልጅ ለማትረፍ ሲሉ አገራቸውን ትተው በ1870 ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ቤል በሚከተለው ዓመት ወደ አሜሪካ ወርዶ በቦስተን ከተማ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ካስተማራቸውም አንዷ በአምስት ዓመቷ ታማ መስማት የተሳናት ሜብል ሃባርድ ነበረች፤ በ1877 አገባት። በዚያን ጊዜ ከነበረው የስልክ ኩባንያ አክሲዮን ከአሥሩ በቀር የቀረውን ሁሉ ለእርሷ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጠ።

የስልኩ ነገር የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። ቀን ቀን እያስተማረ፣ ሌሊት ሌሊት ከረዳቱ ከቶማስ ዋትሰን ጋር ሽቦ ሲያያይዝ ቆይቶ መጋቢት 7 ቀን 1876 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። ያን ጊዜ ዕድሜው 29 ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን ገባ። በ1880 የፈረንሳይ መንግሥት የቮልታን ሽልማት 50,000 ፍራንክ ሰጠው፤ እርሱም በገንዘቡ በዋሽንግተን የምርመራ ቤት አቋቋመ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ሐምሌ 2 ቀን 1881 ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ሳሉ ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው ሁለት ጊዜ ተኮሰባቸው። አንዱ ጥይት ክንዳቸውን ጫር አድርጎ አለፈ፤ ሌላው በጀርባቸው ገብቶ ውስጥ ቀረ። ሐኪሞቹ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥይቱን ለማግኘት ባልታጠበ ጣትና ባልተቀቀለ መሣሪያ ቁስሉን ይጎረጉሩ ጀመር። ጆሴፍ ሊስተር የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ቁስል ከርኩሰት መጠበቅ እንዳለበት ከ1867 ጀምሮ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞች ገና አልተቀበሉትም ነበር። ራጅም በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ሮንትገን ያገኘው በ1895 ነው።

ቤል ይህን በሰማ ጊዜ ሥራውን ሁሉ ትቶ ተነሣ። የስልክ መሥመር በሌላ መሥመር አጠገብ ሲያልፍ የሚያሰማው ሁከት በተጠቀለሉ ሽቦዎች ሚዛን እንደሚጠፋ ከዚህ ቀደም አይቶ ነበር። ዴቪድ ሂዩዝ የሚባል ሌላ ጠቢብም በ1879 ይህንኑ ሚዛን ለምርመራ ሠርቶበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ይዘጋጃሉ፤ በአንደኛው የሚቆራረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይላክበታል፤ ሁለተኛው ከስልክ ማዳመጫ ጋር ይያያዛል። ሁለቱ በልክ ሲቀመጡ ማዳመጫው ዝም ይላል። ብረት ወይም እርሳስ ሲቀርባቸው ግን ሚዛኑ ይፈርስና ድምፅ ይሰማል። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው መሣሪያ ቢራቀቅም መሠረቱ ከዚህ አይርቅም።

ቤልና ረዳቱ ሰምነር ቴይንተር መሣሪያውን በሥጋ ውስጥ በደበቁት ጥይት፣ ከጦርነትም ጥይት በሰውነታቸው ይዘው በቀሩ አሮጌ ወታደሮች ሞከሩት፤ ሠራም። ሐምሌ 26 ቀን ወደ ፕሬዚዳንቱ መኝታ ቤት ይዘውት ገቡ። በዚያን ቀን ግን ከመሣሪያው አንዱ ክፍል በስሕተት ተያይዞ ስለ ነበር የሚረብሽ ጩኸት ብቻ ተሰማ። ነሐሴ 1 ቀን ተመልሰው ሲሞክሩ፣ በአንድ ቦታ መሰማት የሚገባው ድምፅ በሰፊው ቦታ ሁሉ ደከም ብሎ ተሰማ። ቤል በነገሩ ግራ ተጋብቶ ሲጠይቅ፣ ፕሬዚዳንቱ ከተኙበት ፍራሽ በታች ሌላ የብረት ሽቦ ፍራሽ እንዳለ ነገሩት። ከዚህም ሌላ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ቆርጠው ስለ ነበር፣ በግራ በኩል በደንብ እንዲፈለግ አልፈቀዱም።

ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ መስከረም 19 ቀን 1881 አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል፣ ከቆሽት በስተኋላ ተገኘ። አካላቸው ጥይቱን ሸፍኖ ስለ ነበር፣ ባይነካ ኖሮ ሊድኑ ይችሉ ነበር የሚሉ ብዙ ሐኪሞች አሉ። የገደላቸው በፍለጋው ምክንያት የገባው መመረዝ ነው። አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ባነበብሁ ጊዜ ዶማዬ ትዝ አለኝ። የተደበቀው ነገር ክፉ አልነበረም፤ ክፉው የፈላጊው እጅ ነበር።

ቤል በዚያው ወራት የገዛ ቤቱ ኀዘን ደረሰበት። ነሐሴ 15 ቀን ሚስቱ ጊዜውን ያልጠበቀ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑም መተንፈስ አቅቶት በዚያው ቀን ሞተ። አባትየው ከኀዘኑ ሳይወጣ፣ መተንፈስ ያቃተውን ሰው የሚረዳ የብረት ጃኬት ሠራ። የብረት መፈለጊያውንም አልተወውም፤ አሻሽሎት በራጅ እስኪተካ ድረስ በቁስል ውስጥ ጥይት ለመፈለግ አገልግሏል። የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲም ስለዚህ ሥራው የክብር የሕክምና ማዕረግ ሰጠው።

ይህን ሰው ሳመሰግን ነቀፋውን መደበቅ አይገባኝም። መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ብቻ እንዲናገሩ በብርቱ ይከራከር ስለ ነበር፣ የምልክት ቋንቋ ከብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲገፋ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሆኗል። የሚወዳቸውን ሰዎች ቋንቋቸውን በመንፈግ መጉዳቱ ያሳዝናል። በጎ ልብ ያለው ሰውም ሳይጠይቅ የሚቆፍርበት ጊዜ አለ።

በኋላ ዘመኑ በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ተቀምጦ ስለ በረራና ስለ ፈጣን ጀልባ ሲመራመር ኖረ። ነሐሴ 2 ቀን 1922 በዚያው አረፈ። በተቀበረበት ሰዓት በሰሜን አሜሪካ ያለው ስልክ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም እንዲል ተደረገ።

ከእርሱ በኋላ መሣሪያው ብዙ መንገድ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኮንን፣ ቤል በተወለደበት በስኮትላንድ ሆኖ ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ በ1942 በኤል አላሜን ጦርነት የወታደሮችን ነፍስ አዳነ። በአገራችንም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሰሜን የተቀበረውን ፈንጂ ለማንሣት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቷል።

እንግዲህ እኔና ጓደኞቼ ከዚህ ሕይወት የተማርነውን ይዘን ወደ ምርጫችን ተመለስን። ቀድሞ የምንጠያየቀው የትኛው ጠልቆ ይሰማል በማለት ነበር። ቤል ግን ያፈረው መሣሪያው ስላልጠለቀ ብቻ አይደለም፤ ከበሽተኛው በታች የተዘረጋውን ባለማወቁ ጭምር ነው። የእንጦጦም አፈር እንደዚያ ፍራሽ ነው። ተራራው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ በአለቱና በቀዩ አፈሩ ውስጥ ብረት ተቀላቅሎበታል፤ ይህም መሣሪያውን ያለ ምክንያት ያስጮኸዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ምድር መጀመሪያ የሚፈለገው፣ የአፈሩን ድምፅ የሚያስታግስ የመሬት ማስተካከያ ያለው መሣሪያ ነው።

ዓይነቱም በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው ያለማቋረጥ የሚመላለስ ኃይል የሚልክ ነው፤ ቆርኪን ከሳንቲም፣ ምስማርን ከናስ ለመለየት ይረዳል፤ ለጀማሪም ይመቻል። ሁለተኛው በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ የሚልክ ነው፤ ብረት የበዛበትን አፈር በተሻለ ይችላል፤ ነገር ግን የብረቱን ዓይነት በመለየት ይደክማል፣ ዋጋውም ይበዛል። የጥቅል ሽቦው ስፋትም ይታያል፤ ሰፊው ጠልቆ ይሰማል፣ ጠባቡ ቦታውን አጥብቆ ያመለክታል። ክብደቱንም ገዢው ለግማሽ ሰዓት በእጁ ይዞ ቢለካው ይበጃል። ከሁሉም በፊት ሳንቲምና ምስማር በገዛ ግቢው ቀብሮ ድምፃቸውን ይማር። እኛም ከመሬት ማስተካከያ ጋር የመጀመሪያውን ዓይነት መርጠናል፤ ግማሹን ዋጋ አጠራቅመናል። መግዛት ብቻም አይበቃም፤ ለመያዝ የሚያስፈልግ ፈቃድ እንዳለ አስቀድመን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንጠይቃለን።

ተራራውን በሚመለከት ግን የታሪክ መምህራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አስረድተውናል። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ አለበት። ያገኘው ነገር ጥይት ወይም ፈንጂ ቢመስለው ደግሞ ሳይነካ ለፖሊስ ይናገር። ስለዚህ መሣሪያችን ሲመጣ የሚሠራው በትምህርት ቤታችን ግቢና በየቤታችን የጠፋ ቁልፍና ቀለበት ለመፈለግ ነው። ልጓሙንና የሸክላውን ስባሪ ከመምህራችን ጋር ሆነን አስረክበናል፤ የነበረበትንም ቦታ በተቻለኝ መጠን በወረቀት ሥዬ ሰጥቻለሁ። ሥዕሉ ጎደሎ ነው፤ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደ ነበረ ዛሬም አላውቅም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ነገር ሊለቀም ይችላል፤ የተቆፈረ መሬት ግን እንደ ነበረ አይመለስም። ስለዚህ ከመካከላችን ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ቢኖር፣ ዶማውን ከቤት ትቶ ዓይኑን፣ ጆሮውንና እርሳሱን ይዞ ይውጣ እላለሁ። በሚመጣው በጋ እነዚያን አዛውንት አግኝቼ ይህን ጽሑፍ ላነብላቸው አስቤአለሁ።