ነጃሺ፦ ብቻቸውን ኖረው ሶፍ የተሰለፈላቸው ንጉሥ

 

ባለፈው ዓመት ረመዷን፣ እዚህ ላምበረት፣ አንድ ወጣት ከተራዊሕ በኋላ ወደ እኛ መጣ። መስጂድ መምጣት ሰልችቶታል። ሶፍ ውስጥ የሚጋፋ አለ፣ ስልኩ የሚጮኽ አለ፣ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያማ አለ። ቁርኣኑን ይዞ ወደ እንጦጦ ጫካ ቢወጣና ከጌታው ጋር ብቻውን ቢሆን እንደሚሻለው ነገረን። በዚያው ሳምንት ደግሞ በመናኸሪያው አካባቢ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት አገኘን። የእሳቸው ኀዘን ሌላ ነው። የሌሊት ተረኛ ስለሆኑ ከወሩ መግቢያ ጀምሮ አንድም ተራዊሕ ከጀመዓ ጋር አልሰገዱም። አዛኑን ከሩቅ እየሰሙ፣ በበሩ ጥግ ካርቶን አንጥፈው ብቻቸውን ይሰግዳሉ።

አንዱ ጀመዓ በዝቶበት፣ ሌላው ጀመዓ ርቦት። ለሁለቱም የነገርናቸው ታሪክ ግን አንድ ነው፤ የሐበሻው ንጉሥ የአስሐማ ነጃሺ ታሪክ።

የሲራ ሊቃውንት እንደሚያወሱት፣ ነጃሺ ብቸኝነትን የቀመሱት ገና በልጅነታቸው ነው። አባታቸው ንጉሥ ነበሩ፤ ተገደሉና መንግሥቱ ወደ አጎታቸው ተላለፈ። ሕፃኑ አድጎ ይበቀለናል ብለው የፈሩ ሰዎች ለነጋዴ ሸጧቸው። ነገር ግን አጎታቸው በመብረቅ ሞቱ፤ አገሬውም ያባረረውን ልጅ ፈልጎ አምጥቶ አነገሠ። የተገፋን ሰው ሕመም የሚያውቅ ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. በ615 በመካ ሙስሊሞች ላይ ግፍ ሲበረታ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ያለባት አገር ብለው ወደ ሐበሻ ላኳቸው። በመጀመሪያ ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው ሩቅያ (ረ.ዐ) ያሉባቸው ጥቂት ሰዎች መጡ። ቀጥሎም በጀዕፈር ኢብን አቡ ጧሊብ (ረ.ዐ) መሪነት ቁጥራቸው ከ80 ከፍ አለ። ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል-ዓስንና ጓደኛውን ምርጥ ቆዳ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኩ። ንጉሡ ግን የከሳሾቹን ብቻ ሰምተው አልፈረዱም፤ ስደተኞቹንም አስጠሩ። ጀዕፈር ከሱረቱ መርየም ሲቀራ አለቀሱ፤ ስጦታውን መለሱ፤ እንግዶቹንም በሰላም እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው።

የእኛ ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እነ ጀዕፈር በሐበሻ ምድር ስደተኞች ቢሆኑም ጀመዓ ነበራቸው፤ አብረው ይሰግዳሉ፣ አብረው ያፈጥራሉ። ንጉሡ ግን እስልምና ልባቸው ውስጥ ሲገባ በቤተ መንግሥታቸው አብሯቸው የሚሰለፍ ሰው አልነበረም። ሃይማኖታችንን ተወ ብሎ አገሬው በተነሣባቸው ጊዜ መጀመሪያ ያሰቡት ለእንግዶቻቸው ነው። መርከቦች አዘጋጅተው፣ እኔ ከተሸነፍሁ ወደምትሹት ሂዱ፣ ካሸነፍሁ ቆዩ ብለው ላኩባቸው። ከዚያ ሸሃዳቸውን በወረቀት ጽፈው ከልብሳቸው ሥር በትከሻቸው በኩል ደበቁና ወደ ሕዝባቸው ወጡ። ሲጠየቁም እጃቸውን ወረቀቱ ባለበት ላይ አድርገው መለሱ። ሕዝቡም ረክቶ ተበተነ። የንጉሡ መስጂድ በዚያ ቀን ከልብስ ሥር ያለች አንዲት ወረቀት ነበረች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄደው ጫማቸውን ተሸክመው ቢያገለግሉ ምኞታቸው እንደነበር፣ ነገር ግን የንግሥናው ኃላፊነት እንደያዛቸው በሐዲስ ተላልፏል። ልብ በሉ፤ የያዛቸው ኃላፊነት ሥራ ፈት አላደረጋቸውም። በስደት ባሏን ያጣችውን እናታችንን ኡሙ ሐቢባን (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጋቡ፣ 400 ዲናር መህር ከራሳቸው ከፍለዋል፤ ለሙስሊሞቹም የሰርግ ማዕድ አቅርበዋል። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራም እነ ጀዕፈርን በሁለት መርከቦች ወደ መዲና ሸኙ። መርከቦቹ ሄዱ፤ ነጃሺ ቀሩ።

ብቻቸውን የኖሩት ንጉሥ ግን ያለ ፍሬ አልቀሩም። ያ ስደተኞቹን ሊወስድ የመጣው ዐምር ኢብን አል-ዓስ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ሐበሻ ተመልሶ በእሳቸው እጅ ሰለመ። ነጃሺ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በዓይናቸው ስላላዩ፣ ብዙ ዑለማዎች ከታቢዒዮች ይቆጥሯቸዋል። ስለዚህም በደረሳ መካከል የታወቀ እንቆቅልሽ አለ፤ በታቢዒይ እጅ የሰለመ ሰሃባ ማን ነው? መልሱ ዐምር ነው። ኋላ ግብፅን የከፈተው ጦር መሪ እሱ ነበር።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ በረጀብ ወር ነጃሺ አረፉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርዶውን በዚያው ቀን ለሰሃባዎች ነገሩ። ወደ መስገጃው ሜዳ ይዘዋቸው ወጡ፣ ሶፍ አሰለፏቸው፣ አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱባቸው። ሰሃባው ጃቢር (ረ.ዐ) በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሶፍ እንደነበሩ ተናግረዋል። በሕይወታቸው ከነቢዩ ኋላ አንድ ረከዓ ያልሰገዱ ሰው፣ በሞታቸው ነቢዩ ራሳቸው ኢማም ሆኑላቸው።

ይህ ሶላት ሶላተል ጋኢብ ይባላል። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ይፈቅዱታል፤ ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነው ይላሉ። እንደ ኢማም ኸጧቢ ያሉ ሊቃውንት ደግሞ ምክንያቱን ሲገልጹ፣ ነጃሺ የሞቱት የሚሰግድባቸው ሰው በሌለበት ምድር ስለሆነ ነው ይላሉ። እንግዲህ ጀመዓ ማለት የመጣውን መቁጠር ብቻ አይደለም። መምጣት ያልቻለውንም መፈለግ ነው።

ለወጣቱ የነገርነው ይህን ነው። ነጃሺ ብቸኝነትን ከሰው ለመሸሽ አልመረጡትም፤ ሰው ለመጠበቅ ሲሉ ተሸከሙት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከወሕይ በፊት በሒራ ዋሻ ብቻቸውን ይቆዩ ነበር። ወሕዩ ከመጣ በኋላ ግን ወደ ሰው ወረዱ። ኢዕቲካፍ የሚገቡትም ተራራ ላይ አልነበረም። ሰው በሚሰግድበት መስጂድ ውስጥ፣ በረመዷን የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ነበር። ጫካ ገብቶ መቅራት ክፉ አይደለም፤ ሲመሽ ወደ ሶፍ መመለስ ካለ።

ለአባታችን ደግሞ፣ ሐላል እንጀራ አስሮት ብቻውን የሚሰግድ ሰው ከሶፍ እንዳልወጣ ነገርናቸው። የጎደለው እኛ ዘንድ ነው፤ እሳቸውን ያልፈለግን እኛ ነን።

በማግሥቱ ወጣቱ ከተራዊሕ በኋላ ተምርና ሻይ ይዞ ወደ ጥበቃው በር ሄደ። አንድ ሰው ከኢማሙ ጋር ከቆመ ጀመዓ ነውና፣ በዚያች ካርቶን ላይ ሁለት ረከዓ አብረው ሰገዱ። እስከ ዒድ ዋዜማም አላቋረጠም።

ውድ ቤተሰቦች፣ በእነዚህ ሌሊቶች ከማዕዳችሁ ዙሪያ ማን እንደጎደለ ተጠያየቁ። ተረኛ ዘበኛ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ፣ በአረብ አገር ሰው ቤት ብቻዋን የምታፈጥር እህት አለች። ምግብ ላኩ፣ ደውሉ፣ በስሟ ዱዓ አድርጉ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ነጃሺንም ይዘንላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።