ስማቸው ጣሪያ ላይ የቀረው ፕሮፌሰር

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ዲሽ ሳይመጣ በፊት፣ የአዲስ አበባን ጣሪያ ያየ ሰው አንቴናውን አይረሳም። በረጅም ቧንቧ ጫፍ ላይ የተሰካ፣ የዓሣ አጥንት የመሰለ የአሉሚኒየም ዘንግ። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ያዞራል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ሥዕሉ ጠራ አልጠራም እያለ ይጮኻል። ያ ዘንግ የሰው ስም እንዳለው ያኔ ስንቶቻችን አውቀናል? ባለስሙ ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ሂዴትሱጉ ያጊ ናቸው።

ያጊ እ.ኤ.አ. በ1886 ኦሳካ ተወለዱ። በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1909 ተመረቁ። ከዚያ ወደ ውጭ ተልከው ጀርመን ባርክሃውዘን ዘንድ፣ እንግሊዝ ፍሌሚንግ ዘንድ፣ አሜሪካ ደግሞ ፒርስ ዘንድ ቆዩ። ስለ ሬዲዮ ሞገድ መማር ለሚፈልግ በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ ዕድል የት ይገኛል? ሲመለሱ ሰንዳይ ባለው የቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ።

አንቴናው የተወለደው እዚያ ነው፤ ግን በያጊ እጅ ብቻ አይደለም። ሙከራውን ቀን ከሌት የሠሩት በአሥር ዓመት የሚያንሷቸው ሺንታሮ ኡዳ ነበሩ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ገመዱ የሚታሰረው የሞገዱን ግማሽ ያህል ርዝመት ካለው አንድ ዘንግ ጋር ብቻ ነው። ከኋላው ትንሽ የሚረዝም ዘንግ ይቆምና ሞገዱን ይመልሳል፤ ከፊቱ ትንሽ የሚያጥሩ ዘንጎች ይደረደሩና ሞገዱን እየመሩ ያመጣሉ። እነዚህ ከምንም ሽቦ ጋር አልተያያዙም፤ ሥራውን የሚሠራው ርዝመታቸውና ርቀታቸው ነው። አንቴናው ወደ አንድ አቅጣጫ አጥርቶ ይሰማል፣ ከኋላ ለሚመጣው ግን ደንቆሮ ይሆናል። የሰፈራችን ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያን ሁሉ ሲያዞር የሚውለውም ለዚሁ ነበር።

በ1926 ኡዳ ውጤቱን በጃፓንኛ አሳተሙ፤ ሁለቱ በጋራም በእንግሊዝኛ ጻፉ። የፈጠራ መብቱ ግን የወጣው በያጊ ስም ብቻ ነው። በ1928 ደግሞ ያጊ ሥራውን ለአሜሪካ መሐንዲሶች በራሳቸው ጽሑፍ አስተዋወቁ። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ውስጥ የኡዳን ድርሻ አልደበቁም። የውጭው ዓለም ግን ያየውን ስም ያዘና ነገርዬው ያጊ ተብሎ ቀረ።

የሚያሳዝነው በገዛ አገራቸው ሰሚ ማጣታቸው ነው። በየካቲት 1942 ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ ወታደሮቿ የአንድ እንግሊዛዊ የራዳር ባለሙያ ማስታወሻ አገኙ። ያጊ የሚል ቃል ይደጋገምበታል፤ ትርጉሙ ግን አልገባቸውም። ምርኮኛውን ቢጠይቁት የአገራችሁ ፕሮፌሰር ስም ነው አላቸው ይባላል። ጠላት በጃፓናዊ አንቴና አውሮፕላናቸውን ሲፈልግ እነሱ ቃሉን እንኳ አላወቁትም! በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የወደቁት ቦምቦች ከፍታቸውን የለኩት ያው የያጊ አንቴና በተገጠመለት ራዳር ነበር።

ያጊ በጎ ሥራቸው ሌላም ነው። በኦሳካ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ሳሉ፣ ምርምሩን ሳያሳትም የዘገየውን ወጣት ሂዴኪ ዩካዋን ገሥጸውታል። ዩካዋ በ1949 ለጃፓን የመጀመሪያውን የኖቤል ሽልማት ይዞ ገባ።

ከጦርነቱ በኋላ በስማቸው የተጠራ የአንቴና ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1956 አገራቸው የባህል ኒሻን ሸለመቻቸው። በጥር 1976 አረፉ። ኡዳም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተከተሏቸው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የኬብል ክፍያ የመረረው ቤተሰብ ወደ አንቴና እየተመለሰ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ሳይሆን ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካል፤ ሳጥኑ ጣቢያውን ይለይና በቤቱ ዋይፋይ በኩል ወደ እያንዳንዱ ስልክና ስክሪን ይልካል። አንቴናውን ግን አሁንም ሰው ወጥቶ ወደ ማሠራጫው ማማ ማዞር አለበት። ካርቶኑ ላይ ያጊ ተብሎ ተጽፏል። ኡዳን የሚያነሷቸው የመሐንዲሶች መጻሕፍት ናቸው።