ፍሬድሪክ ዳግላስና ቅዱስ መጽሐፍ

ፍሬድሪክ ዳግላስ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. ከባሪያ እናት ተወለደ። ልጅ ሳለ በባልቲሞር ከተማ የሚያገለግልበት ቤት እመቤት ፊደል ታስቈጥረው ጀመር፤ ባልዋ ግን ማንበብ የሚያውቅ ባሪያ አይገዛም ብሎ ስላሰበ ከለከላት። ብላቴናው ከዚያ ወዲህ በስውር ተማረ። በመንገድ ዳር ከጭቃ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጠሎችን እየለቀመ፣ አጥቦና አድርቆ ያነብ ነበር። ላውሰን የሚባል አንድ ጸሎተኛ ጥቁር ሽማግሌም ወዳጅ ሆነው፤ ልጁ ፊደሉን ሲያነብለት ሽማግሌው ምሥጢሩን ይገልጥለት ነበር።

በኋላ ወደ ጌታው ወደ ቶማስ ኦልድ ተመለሰ። ይህ ሰው በሜቶዲስቶች ጉባኤ ንስሐ ሲገባ፣ ዳግላስ ባሮቹን ነጻ ያወጣ ይሆናል፣ ይህም ቢቀር ይራራልናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ኦልድ ግን ጨካኝነቱን አብዝቶ በወንጌል ይሸፍነው ጀመር። በልጅነትዋ እሳት እጆችዋን ያሽመደመዳትን የዳግላስን ዘመድ አስሮ ሲገርፋት፣ በሉቃስ ወንጌል ስለ ባሪያ ቅጣት የተጻፈውን ይጠቅስ ነበር። ዳግላስ በሰንበት ባልንጀሮቹን አዲስ ኪዳን ማስነበብ ቢጀምር፣ ኦልድና የማኅበሩ አለቆች ዱላ ይዘው መጥተው በተኑአቸው። ከዚያም ጥዋትና ማታ ለሚጸልይ፣ በመካከሉም ለሚገርፍ ገበሬ ለአንድ ዓመት ተሰጠ፤ በዚያ ቤት ሳለ የእግዚአብሔርን መኖር እንኳ ተጠራጠረ።

የጅራፍ ቍስል በጊዜው ይሽራል፤ በእግዚአብሔር ቃል የተገረፈ ሰው ግን ቃሉ በተነበበ ቍጥር ሰውነቱ ይሸማቀቃል። ዳግላስ ወንጌልን የሰማው ከገራፊዎቹ አፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዘላለም በጠላው ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ በገዛ ዓይኑ አንብቦት ነበርና፣ እነርሱ የዘለሉትን ያውቅ ነበር።

በ1838 ዓ.ም. ወደ ሰሜን አመለጠ። በኒው ቤድፎርድ ከተማ ነጮች ወደሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ቢገባ፣ ለጌታ እራት ነጮች ቀድመው ሲቀርቡ ጥቁሮች በዳር ሲጠብቁ አየ፤ ሁለተኛም ወደዚያ አልተመለሰ። ጥቁሮች ራሳቸው ወደ መሠረቱት ወደ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ በዚያም በ1839 ዓ.ም. እንዲሰብክ ፈቃድ ተሰጠው። በ1845 ዓ.ም. ታሪኩን ጽፎ ሲያወጣ፣ የሃይማኖት ጠላት እንዳይባል በመጨረሻው ላይ የክርስቶስን ሃይማኖት ከባሪያ ጌቶች ሃይማኖት ለይቶ ጻፈ።

በ1877 ዓ.ም. ቶማስ ኦልድ ሊሞት በተኛበት ቤት ሄዶ ጐበኘው። ሽማግሌው አለቀሰ፤ ዳግላስንም ለጊዜው ቃል አጠረው። ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ ስለ ተወለደበት ጊዜ ጠየቀው፤ ባሪያ የልደቱን ቀን አያውቅም ነበርና።