መጽሐፍ ጠራዡ ፋራዳይ

ማይክል ፋራዳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ነበር።

በ1812 የታወቀው የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ሲያስተምር አዳመጠ። የሰማውን ጽፎ በገዛ እጁ ጠረዘና ላከለት። በሚከተለው ዓመት ዴቪ ረዳቱ አደረገው። ዳሩ ግን በሩን የከፈተለት ይኸው ጌታው፣ በ1824 ፋራዳይ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዳይሆን ተቃወመ። ቢሆንም ተመረጠ።

የዴንማርኩ ኤርስቴድ ኤሌክትሪክ የማግኔትን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ በ1820 አሳይቶ ነበር። ፋራዳይ ደግሞ ማግኔት በፈንታው ኤሌክትሪክ ይወልድ እንደ ሆነ ለዓመታት መረመረ። ነሐሴ 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ለየብቻ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝና ሲያላቅቅ፣ በሁለተኛው ሽቦ በኩል ያለው መርፌ ለቅጽበት ተወዛወዘ። ጸንቶ የቆመ ማግኔት ምንም አይሰጥም፤ ኤሌክትሪክን የሚወልደው መለዋወጡ ነው። በግድብ ላይ የሚዞረው ጄኔሬተር ሁሉ የዚህ ልጅ ነው።

በኋላ የዚያው ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ቢቀርብለት አልቀበልም አለ። በ1867 ሲሞት ማዕርጉ ሥራው ብቻ ነበረ። ድኽነትን ለስንፍናው ምክንያት ለሚያደርግ ወጣት ይህ ታሪክ በቂ መልስ ነው።